ድስቱ የሁላችን፣ ሳህኑ የየራሳችን

ይድረስ ለእማዬ፣ ሩቅ ሆና ከአጠገቤ ለማትጠፋው፤

እንዴት ነሽልኝ እማዬ? ጉልበትሽስ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ግድግዳውን ትደገፊያለሽ ወይስ ተሻለሽ? እንቅልፍ ይወስድሻል? ዓይንሽስ ያለ መነጽር ክር ከመርፌ ያስገባል? ስኳርሽን በየጠዋቱ ትለኪያለሽ ወይስ «ዛሬ ደህና ነኝ» ብለሽ ታልፊዋለሽ? እኔ ሆዴ እየቀደመኝ ከመሄዱ በቀር ደህና ነኝ። ወንድ ይሁን ሴት ገና ያላወቅነው የልጅ ልጅሽ ሎሚ በበላሁ ቁጥር ይራገጣል። አማችሽም ደህና ነው። አባቱ ደግሞ፣ እኔም እንደ እሱ አባባ ነው የምላቸው፣ ከሁላችንም በላይ ደህና ናቸው።

ወንድሜ ቃልሽን አድርሶልኛል። «ለመውለጃዋ አልሄድም። ስኳር ይዞኛል፣ ሰው ቤት ለብቻዬ ድስት ተጥዶልኝ ጥግ ይዤ አልበላም፣ ሸክም አልሆንባትም» ብለሻል አሉ። መጀመሪያ አለቀስኩ። ቀጥሎ ተናደድኩ። ከዚያ ደግሞ ሳቅ መጣብኝ፤ ምክንያቱም የብቻ ድስት የሚባለውን ነገር እዚህ ቤት ሞክረን፣ አይተን፣ ቀብረነዋል። እንዴት እንደቀበርነው ልንገርሽና ከዚያ በኋላ አልመጣም በይኝ፣ ካስቻለሽ።

አባባን ታስታውሻቸዋለሽ፤ በሠርጋችን ቀን በዓይናቸው ብቻ ለክተውሽ «እጅጌው ሁለት ጣት ይረዝማል» ያሉሽ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሥራ ካቆሙ በኋላ የስፌት መኪናቸውን ይዘው እኛ ዘንድ ገቡ፤ ሜትራቸው ግን እስከ ዛሬ ከአንገታቸው አልወረደችም። ታዲያ ሐኪሙ ግፊትዎ ከፍ ብሏል፣ ጨው ይቅርብዎ አላቸው። እኔም የፋብሪካ ሠራተኛ ሁሉ የማበላ አብሳይ፣ አንድ ሽማግሌ ያቅተኛል እንዴ ብዬ ቀይ ክዳን ያላት ትንሽዬ ድስት ገዛሁላቸው። ለእሳቸው ምስር ያለ ጨው በትንሿ፣ ለእኛ በትልቁ። ሁለት ማንኪያ ቀምሰው «ጠገብኩ» ይላሉ። ቀስ በቀስም ሳህናቸውን ይዘው ክፍላቸው ገብተው መብላት ጀመሩ። አንድ ቀን ቀበቷቸውን አዲስ ቀዳዳ ሲበሱ አገኘኋቸው። የሰው ልብስ ሲያሰፉ የኖሩ ሰው የራሳቸውን ሱሪ ሲያጠብቡ ማየት አንጀት ይበላል እማዬ። አየሽ፣ የፈራሽውን እኔ በእሳቸው ላይ አይቼዋለሁ፤ የብቻ ድስት ሰው አያወፍርም።

ስለዚህ አዋጅ አወጣሁ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ጨው የለም፣ ሁላችንም አባባ የሚበሉትን እንበላለን አልኩ። ቤተሰቡ ማን ማን መሰለሽ? አማችሽ አለ፤ ቀኑን ሙሉ ብረት ሲበይድ ውሎ ላቡን አንጠፍጥፎ የሚገባ። ታናሽ እህቱ አለች፤ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል በአፏ የማይዞር ተማሪ፣ «ጥንቸሏ» ነው የምንላት። አባባ ወደ ጠረጴዛው ተመለሱ፣ እሰየው። እኛም እርስ በርስ እየተያየን «ይጣፍጣል»፣ «ኧረ በጣም ይጣፍጣል» መባባል ያዝን። ባሌ ይጣፍጣል ሲል ግን ፊቱ ጥርሱን ሊነቀል የተቀመጠ ሰው ፊት ነበር።

በዚያው ሰሞን ጥንቸሏ ልጣጭ እንዳይጣል ብላ ጓሮ ውስጥ የእንጨት ሳጥን አስቀመጠች። የካሮቱን ልጣጭ፣ የሻይ ቅጠሉን፣ የእንቁላሉን ቅርፊት እዚያ እየከመሩ፣ እያገላበጡ፣ አፈር እስኪሆን መጠበቅ ነው። አባባ ሲያዩት ቆዩና አንድ ጠዋት ሥልጣኑን ነጠቋት። አሁን ያለ እሳቸው ፈቃድ የድንች ልጣጭ አይወድቅም። ቆሻሻ የሚባለውን ቃል ከቤት አባረውታል፤ «የአፈር ቀለብ» በሉ ይላሉ። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ፀጉርም አፈር ይሆናል ሲባል ሰምቶ አንድ ከረጢት ሙሉ ይዞ መጣላቸው፤ ወርቅ እንደተሰጠው ሰው አመስግነው ተቀበሉት። በባዶ የቀለም ቆርቆሮ የተከልነው ቆስጣ ይኸው የሰፈሩን ወንድ ሁሉ ጭንቅላት በልቶ ጉልበቴ ደርሷል። አትክልት ያጠብኩበትን ውሃም አልደፋውም፤ ለእሱ ነው የማጠጣው።

ፌስታልም ቀርቷል። አማችሽ ቲማቲም በፌስታል አንጠልጥሎ ሲገባ አባባ የሳሎኑን አሮጌ መጋረጃ አወረዱና ቦርሳ ቦርሳ አድርገው ሰፍተው በየኪሳችን አጥፈው ከተቱልን። መጋረጃው ላይ ያለው አበባ አንዱ ብቻ ሳህን ያክላል። ያ ግንባሩን ቋጥሮ የሚሄድ በያጅ በአበባ ቦርሳ ሽንኩርት ተሸክሞ ሲያልፍ ጓደኞቹ «መጋረጃው» ብለው ስም አወጡለት። ሰነበተ አኩርፎ። አሁን እነዚያው ጓደኞቹ አባትህ ለእኛም ይስፉልን እያሉ ይለምኑታል፤ የሳሎናችን መስኮት ግን ራቁቱን ቀርቷል።

ጉዳችን የወጣውም በዚችው በመርፌያቸው ነው። የባሌ ጃኬት በብየዳ ፍንጣሪ ተበሳስቶ አባባ ሊጠግኑት ወሰዱ። ኪሱን ቢገለብጡት በወረቀት የተጠቀለለ ጨው ዱብ አለ። ጥገናቸውን ቀጠሉ። የጥንቸሏ ቦርሳ ማንገቻው ላልቶ ነበር፤ እዚያም ጨው። የእኔ ሽርጥ ገመዱ ተበጥሶ ነበር፤ እዚያም ጨው። ያን ቀን እራት ቀርቦ ስንቀመጥ ሦስቱን ጥቅልል አምጥተው በየሳህናችን ፊት አስቀመጡ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠን በወደድን። ባሌ ጣሪያውን መመርመር ጀመረ፣ የጥንቸሏ ጆሮ ቀላ። እኔ አብሳይ ነኝ፣ መቅመስ ሥራዬ ነው ብዬ ልከራከር ነበር፤ አባባ ግን ቀደሙኝ።

አባባ ተራ በተራ አዩንና «እኔ ይሄን ነገር የምውጠው እናንተ ደስ እንዲላችሁ ነው። እናንተ ደግሞ እኔ ደስ እንዲለኝ ትዋሻላችሁ። ታዲያ በዚህ ቤት ለራሱ የሚበላ ማን ነው?» አሉ። ያን ብለው በሳቅ ፈነዱ። እንባቸውን በሜትራቸው ጫፍ እየጠረጉ ሳቁ፣ እኛም ተከተልናቸው፤ እኔማ እዚያው ጠረጴዛ ሥር እንዳልወልድ ሆዴን ደግፌ ያዝኩ። ሳቁ ሲበርድ «ዕድሜዬን ሙሉ ለሁሉ ሰው በአንድ ልክ ሰፍቼ አላውቅም። ጣቃው አንድ ነው፣ ልኩ የየሰው ነው። ድስቱ የሁላችን ይሁን፣ ሳህኑ የየራሳችን» አሉ።

ይኸው እንዲያ ሆነ። ድስቱ ውስጥ ጨው አይገባም፣ ስኳር አይገባም፣ ሥጋ አይገባም። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ ግን አልሰስትም፣ ጠረኑ መንገደኛ ያስቆማል። ሥጋ ያማረው ባሌ በትንሽ መጥበሻ ለራሱ ይጠብሳል፤ ጨውም ስኳርም ጠረጴዛው መሀል ተቀምጠዋል፣ የፈለገ ሳህኑ ላይ ይነሰንሳል። ዳቦውን ካልተነፋ ዱቄት እጋግራለሁ። የሚገርምሽ ነገር፣ ጨው እንደልብ ከተቀመጠ ወዲህ እጃችን ወደሱ መሄዱን እየረሳ ነው፤ ባሌ እንኳ አንዳንዴ በልቶ ከጨረሰ በኋላ ነው ትዝ የሚለው። አባባም ሐኪሙ ዘንድ ሄደው ተለኩ፤ ግፊታቸው ወርዷል። ቀበቷቸው ወደ ድሮው ቀዳዳ ተመልሳለች።

ያንቺን ነገር ስነግራቸው መርፌያቸውን አስቀመጡና «እሷ ከስኳር፣ እኔ ከጨው ተጣልተናል። ሁለታችን አንድ ላይ ብንቀመጥ አንድ ሙሉ ጤነኛ ይወጣናል በያት» አሉኝ። ቀጥለው ከመጋረጃው የተረፈችውን ቁራጭ ለባዶው አምስተኛ ወንበር መቀመጫ አድርገው ሰፏት። ትናንት ፀጉር አስተካካዩ ሳያውቅ ቢቀመጥበት «ተነሣ፣ ባለቤት አለው» ብለው አስነሡት።

እማዬ፣ እስካሁን ስቄ ጻፍኩልሽ እንጂ እፈራለሁ። የመጀመሪያዬ ነው። ሁሉም ሰው አጠገቤ አለ፣ ይዤው ልጮህ የምፈልገው እጅ ግን ያንቺ ነው። ሸክም አልሆንም አልሽ፤ ከመቅረትሽ የሚከብድ ሸክም አላውቅም።

ወንድሜን ሳሚልኝ፤ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሻንጣሽን እሱ ይሸከም፣ ራስሽ እንዳታነሺ። ሚስቱን እንደ እህቴ ናፍቄሻለሁ በያት። መንታዎቹን ጉንጫቸውን ነክሰሽ ሰላም በይልኝ፤ የአክስታችሁ ባል ስሙ መጋረጃው ነው ብለሽ ንገሪያቸው። አክስቴንም እጇን ሳሚልኝ። አማችሽ እንድትመጪለት ይለምንሻል፣ ጥንቸሏም ናፍቆቷን ልካለች።

ከደብዳቤው ጋር አንድ የናና ቅጠል አስገብቻለሁ፤ እንዳትጥያት፣ አሽቻት። ቀይ ክዳን ያላትን ድስት አፈር ሞልተን ናና ተክለንባታል፣ ክዳኗም ከሥሯ ውሃ ትይዛለች። እንግዲህ ለብቻሽ ልጣድልሽ ብል እንኳ ድስት የለኝም።

ልጅሽ
ከኩሽናው ጠረጴዛ፣ ከባዶው ወንበር ትይዩ
እሑድ፣ ጥር 17 ቀን