ዳንቴል የለበሰው ምድጃ

ለልጄ ለእየሩስ፣

አዲስ አበባ እንዴት ይዞሻል? አምላክ ጤናሽን ያብዛልሽ። እኛ ደህና ነን፤ ሩዙም ውኃ ሳይወስደው ገባ።

ወረታ አክስትሽ ቤት፣ የመንግሥት የኃይል አማካሪ ተብለሽ የኩበት ጭስ ዓይን ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ስታስረጂ በቴሌቪዥን አየሁሽ። እናትሽም በድምፅሽ ለየችሽ።

ያን የላክሽላትን ጭስ አልባ ምድጃ፣ «ልጄ የሰጠችኝን ጥላሸት ላልብሰው?» ብላ ስንት ዓመት በዳንቴል ሸፍና እልፍኝ አኖረችው። ምነው ያኔውኑ ባነደድንበት። አሁን ማድ ቤት አስገብቼዋለሁ፤ እሳቱን የምለኩሰውም እኔ ነኝ።

አክስትሽ ሰላም ብላሻለች። ለፋሲካ ስትመጪ ከበሩ ላይ ሆነሽ «እማዬ» በያት፤ ዝም ብለሽ አትግቢ።

በናፍቆት የሚጠብቅሽ አባትሽ፣
ዳኘው
ከፎገራ