ቅጹ ላይ ባዶ ስለተውኩት መስመር

ለአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን አስተዳዳሪ፣ ለክቡር አባታችን፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ዝቅ ብዬ እያቀረብኩ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ እጠይቃለሁ። ባለፈው ወር ጉንፋን ይዞዎት በነበረ ጊዜ ከደጅዎ ጠያቂ እንዳልጠፋ፣ ከጠያቂዎቹም አንዱ እንኳ የጽሑፍ ፈቃድ እንዳልተጠየቀ ሰምቼ ፈጣሪን አመስግኛለሁ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በነርስነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ የዚሁ አጥቢያ ምእመን ነኝ። ስሜን ባያውቁት አልቀየምም፤ በስብሰባዎችዎ ላይ ሻይ የምታቀርበው፣ ስኳር ስንት ልጨምር ብላ የምትጠይቅዎት ሴት ነኝ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። እኔ፣ አንድ የታክሲ ሹፌርና አንዲት ልብስ ሰፊ ሆነን ለአሥራ ሁለት ዓመት ሐሙስ ሐሙስ ከቤት መውጣት ያቃታቸውን ሕሙማን እየዞርን ስንጠይቅ ኖረናል። ሥራችን ትራስ ማስተካከል፣ ከመዝሙረ ዳዊት ማንበብና የሰፈሩን ወሬ ሳያበዙ መንገር ነበር፤ ማብዛቱ የልብስ ሰፊዋ ድርሻ ነው። አንድ ቀን ግን ሹፌሩ በአንድ ሕሙም አልጋ አጠገብ ሲያነብ ቤተሰቡ ያሰማው አሜን በደረጃው ይወጡ ከነበሩ አንድ ካህን ጆሮ ገባ፤ አሜኑ ለእርሳቸው ከሚባለው ጠንከር ያለ ነበር ይባላል። በሳምንቱ ማኅተም ያረፈበት ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሕሙማንን መጠየቅና በአጠገባቸው ማንበብ የካህናት ድርሻ ስለሆነ ምእመናን ያለ ጽሑፍ ፈቃድ በቤተ ክርስቲያን ስም ወደ ሕሙማን ቤት እንዳይገቡ፣ የመቅደስ ዕቃም እንዳይነኩ፣ ይህን የተላለፈ ስሙ በጉባኤ ፊት እንደሚነበብ ይገልጻል። ይኸው አሥራ አንድ ሳምንት ሆነ። ስለዚህ ያለብኝን ምስጋና በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ድርሻችንን ስላሳወቁን እናመሰግናለን። ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት የተባለው ለካ ለእኛ ኖሯል። የምእመናን ድርሻ «መስማት፣ መደገፍና በጸጥታ መቆም» እንደሆነ አሁን ገብቶናል። ወለል መወልወል፣ አግዳሚ ወንበር መሸከምና ጣሪያ ላይ መውጣት በዝርዝሩ ባይኖሩም ማንም ስላልከለከለን እንደቀጠልንባቸው በትሕትና እገልጻለሁ።

፪ኛ፦ ጉዳዩን የሚመለከት ኮሚቴ ስላቋቋሙ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። አራት ካህናት ያሉበት ይህ ኮሚቴ አራት ጊዜ ተሰብስቧል፤ ሻዩን የቀዳሁት እኔ ስለሆንኩ አልሳሳትም። በሦስተኛው ስብሰባ በየትኛው ቀን ይዙር የሚል፣ በአራተኛው ደግሞ ኮሚቴው ማን ተብሎ ይጠራ የሚል ውይይት ተደርጓል። እስከ ዛሬ አንድም ሕሙም አልተጎበኘም፤ ኮሚቴው ግን በጥሩ ጤንነት ላይ ይገኛል። አራት ሰው ለዚህ ሁሉ ቤት እንደማይበቃ አውቃለሁ፣ በዚህም አልፈርድም። እኛስ እንዞር የነበረው ለዚሁ አልነበረም?

፫ኛ፦ ስለ ፈቃድ መጠየቂያው ቅጽ አመሰግናለሁ። ቅጹን የሞላሁት ስለ አንድ ሽማግሌ አናጢ ነው። ሜትር ከኪሳቸው ተለይቶ ስለማያውቅ ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ሜትር ይላቸዋል። በየሳምንቱ የምንቀመጥባቸውን አግዳሚዎች የሠሩት፣ ማስታወቂያዎ የተለጠፈበትን ባለ መስታወት ሰሌዳም ያገጣጠሙት እርሳቸው ናቸው። አሁን ከፎቶ ቤቱ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከአልጋ ከዋሉ ወራት አልፈዋል። ቅጹን እስከ አምስተኛው መስመር ድረስ በደንብ ሞላሁት። ስድስተኛው መስመር «ጉብኝቱ የሚያበቃበት ቀን» ይላል። ክቡር አባታችን፣ እኔ ነርስ ነኝ፤ የእግራቸውን እብጠት አይቻለሁ፣ ትንፋሻቸውን ሰምቻለሁ፣ መልሱን በግምት አውቀዋለሁ። እጄ ግን አልጻፈልኝም። ባዶውን ተውኩት። በዘጠነኛው ቀን ጸሐፊዎ መስመሩን በቀይ አስምረው «ያልተሟላ» ብለው መለሱልኝ።

፬ኛ፦ ይህኛው በእርስዎ ላይ አይደለም፤ በራሴ ላይ ነው። ማስታወቂያው የሚከለክለው በቤተ ክርስቲያን ስም መግባትን ስለሆነ፣ እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ በነርስነቴ ሰኞ ሰኞ የጋሽ ሜትርን የአልጋ ቁስል ላጥብ እገባለሁ። ባለፈው ሰኞ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ እንደተኙ እንደ ድሮው አንድ መዝሙር እንዳነብላቸው ለመኑኝ። እኔም የመጣሁት ለቁስሉ ብቻ ነው አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ አልደገሙም፤ «ልክ ነሽ ልጄ፣ ሕግ ሕግ ነው» አሉኝ። ቁስሉን አጥቤ፣ አሽጌ፣ አፌን ዘግቼ ወጣሁ። ስንት ሐኪም ተቆጥቶብኝ ያልደነገጥኩ ሴት፣ ስሜ በሰው ፊት ይነበባል ብዬ አንድ ወረቀት ፈራሁ። አፈርኩ፣ አሁንም አፍራለሁ።

፭ኛውን ምስጋና ለመጻፍ አስቤ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ግን ቀልዱ አልመጣልኝም። ስለዚህ የሐሙሱን ልንገርዎት። ሐሙስ በመጣ ቁጥር ጋሽ ሜትር ባለቤታቸውን ጢማቸውን እንዲላጩአቸውና ንጹሕ ሸሚዝ እንዲያለብሷቸው ያዛሉ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩን ገርበብ አስደርገው ካህን ይጠብቃሉ። ዘጠኝ ያልፋል፣ አሥር ያልፋል። አንድ ቀን እንኳ እርስዎን አምተው አያውቁም። ባለቤታቸው ደረጃው ላይ አግኝተውኝ እንደነገሩኝ ከሆነ፣ «የደረጃው መደገፊያ ስለላላ ይሆናል የሚቀሩት፣ ጤና በነበርኩ ጊዜ ሳላጠብቀው» እያሉ ራሳቸውን ይወቅሳሉ። እትዬ ይህን ሲነግሩኝ እንባቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ እየጠረጉ ነበር። እኔ መደገፊያውን ይዤ ስወርድ ወዘወዝኩት፤ በእርግጥ ትንሽ ላልቷል። የታክሲ ሹፌሩ በማግስቱ መፍቻ ይዞ መጥቶ አጥብቆታልና እርስዎ ከእንግዲህ በዚህ በኩል ሥጋት አይግባዎት።

የመጨረሻ ማሳወቂያዬ አጭር ነው። የፊታችን ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መዝሙረ ዳዊቴን ይዤ ወደ ጋሽ ሜትር ቤት እገባለሁ፤ ሹፌሩና ልብስ ሰፊዋም አብረውኝ ናቸው። እርስዎ ቀድመው ተገኝተው ካገኘሁዎት በሩ ሥር በጸጥታ ቆሜ እሰማለሁ፣ አሜንም እላለሁ፤ ከዚህ የበለጠ የምመኘው የለም፣ እርሳቸውም የሚጠብቁት እርስዎን ነው። ካልተገኙ ግን ጮክ ብዬ አነባለሁ። ከዚያ በኋላ ስሜን በጉባኤ ፊት ሊያስነብቡ ይችላሉ፤ እንዳይሳሳቱ ከነአያቴ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለጸሐፊዎ ልኬዋለሁ።

ረጅም ዕድሜ፣ ጽኑ ጤናና ሲታመሙ ሳይፈራ የሚመጣ ጠያቂ እየተመኘሁ፣

ድርሻዋን ለማወቅ የዘገየች፣ አክባሪ ልጅዎ
ጡረተኛዋ ነርስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከመቅደሱ ፊት ለፊት የሚቀመጡበት፣ አንድ እግሩ አልረጋ ብሎ ጋሽ ሜትር እንዲጠግኑት የሰጧቸው ባለ መደገፊያ ወንበርዎ፣ ከመታመማቸው በፊት ተጠግኖ፣ ቫርኒሽ ተቀብቶ አልቋል። ወንበሩ የት ደረሰ ብለው ሁለት ጊዜ የላኩት መልእክተኛ ቤቱን ስላላጣው አድራሻውን መጻፍ አላስፈለገኝም። የመቅደስ ዕቃ መንካት ስለተከለከልን ልናመጣልዎ አልቻልንምና ራስዎ መጥተው ይውሰዱት። ያለው ከአልጋቸው ራስጌ ነው፤ ለእርስዎ ተብሎ ማንም አልተቀመጠበትም። ሲያነሱት አልጋው ላይ ጢማቸውን የተላጩ፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሱ ሽማግሌ ያያሉ። እግረ መንገድዎን እንዴት ዋሉ ቢሏቸው ቅጽ አይጠይቅዎትም።