አክታ ለጎረቤት

ኅዳር 8 ቀን 1980

ዛሬም እንደ ሁልጊዜው። ከአልጋው ጫፍ ቁልቁል ተዘቀዘቅኩ፣ እማ ጀርባዬን መታች፣ መታች… ግማሽ ሰዓት። አረንጓዴ ነው የወጣው፣ እንደ ሙጫ የሚጎተት። "አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ደህና ወጣ" አለች። በሰው ቤት ጠዋት ለቁርስ ይመሰገናል። በኛ ቤት ለአክታ።

ከምሳ በኋላ ሆስፒታል። አዲሱ ሐኪም፣ ዶክተር ወልደ ሐዋርያት፣ ጀርመን ተምሮ የመጣ ነው። እማን "ልጅ ሆና ሲስሟት ጨው ጨው ትል ነበር?" ብሎ ጠየቃት። እማ አለቀሰች። ትል ነበር። በዘጠኝ ዓመቷ የሞተችው ታላቄ ሰብሪያም ትል ነበር።

ለካ አብሮኝ የተወለደ በሽታ ነው። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ። ስሙን በወረቀት አስጻፍኩት። አክታዬን አወፍሮ ሳንባዬ ውስጥ ያስቀረዋል፣ ከዚያ ጀርም ተመችቶት ይቀመጣል። ጀርሙ ደግሞ… "ቲቢ አይመስለኝም" አለ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቲቢን ይመስላል እንጂ የአጎቱ ልጅ ነው፣ አፈርና ውሃ ውስጥ የሚኖር። ለዚህ ነዋ ሁለት ዙር የቲቢ መድኃኒት፣ ያ ሁሉ መርፌ፣ ጭራሽ ያልነካው! ጤነኛ ሰው ላይ አይጋባም አለ።

አይጋባም… ከማስተምርበት የቀበሌ መዋዕለ ሕፃናት ካባረሩኝ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ያኔ ሊቀመንበሩ "እንደማያጋባ የሐኪም ወረቀት ካመጣሽ ትመለሻለሽ" ብሎኝ ነበር። ዶክተሩ አክታዬን ጀርመን ይልካል። ውጤቱ ሲመጣ ወረቀቱን ይጽፍልኛል። ወራት ይፈጃል አለ። ይፍጅ። ልጆቼ ጋ ልመለስ እንጂ።

ኅዳር 15

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱን ስወጣ አራት ጊዜ ቆምኩ። ከእንጦጦ የምትወርድ አንዲት አሮጊት፣ ከራሷ የሚበልጥ እንጨት ጀርባዋ ላይ አዝላ፣ "አይዞሽ ልጄ" አለችኝ። እሷ! እኔን!

ኅዳር 24

እትዬ እታገኝ መጡ። አጥራችን አንድ ነው፣ ግን ቲቢ ነው ከተባለ ወዲህ ደጃችንን ረግጠው አያውቁም። እማን ሰላም የሚሏት በአጥር ላይ ነው። ዛሬ ገቡ፣ አጠገቤም ተቀመጡ። ወይ ጉድ!

"መብሩኬ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ፣ አታሳፍሪኝ።"

ትንሹ ልጃቸው ከበበ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቷል። የጤና ምርመራው ማክሰኞ ነው። ታላቁ ናቅፋ ሄዶ እንደወጣ ቀርቷል።

"ታዲያ እኔ ምን ላድርግልዎ እትዬ?"

"አክታሽን። ትንሽ፣ በብልቃጥ። ሳንባው ታሟል ከተባለ ይተዉታል።"

ሳቅኩ። ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ አላቆም አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በነጠላቸው አፍንጫቸውን ይሸፍኑ ነበር። ዛሬ ዓይናቸው አፌ ላይ ነው።

ከበበ… "ሞተር" ብሎ ስም ያወጣልኝ እሱ አይደል? መንገድ ላይ ሳል ሲይዘኝ "ሞተሯ ተነሳች!" ይላል፣ ጓደኞቹ ይንከተከታሉ። ግን ሃያ ዓመቱ ነው። ናቅፋ…

ኅዳር 28

ሰጠሁ። በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሮጡ። እማ ፊቷ ጠቆረ። "የሰው ልጅ ይሙት ልበል እንዴ?" አልኳት።

እውነቱን ልጻፍ? ደስ አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ለሰው ጠቀምኩ።

ታኅሣሥ 11

ከበበ ከውትድርናው ቀረ! ለጊዜው ነው፣ በየሦስት ወሩ ይመረመራል። እትዬ ድፎ ዳቦ ላኩልን። የታዘዘለትን ኪኒን ሽንት ቤት ይጥለዋል አሉ።

የካቲት 28

ሁለተኛው ብልቃጥ። አሁን እሳቸውም አይለምኑም። "አለ?" ይላሉ፣ ሱቅ እንደ መጣ ሰው።

ሚያዝያ 5

ውጤቱ መጣ። እማ የዒድ ቀሚሴን አስለበሰችኝ።

"እንዳልኩሽ ነው፣ ቲቢ አይደለም" አለ ዶክተሩ። ለወረቀቱ እጄን ዘረጋሁ። አልሰጠኝም።

"አንድ ነገር አለ። ከእናንተ ቀበሌ ከውትድርና ምርመራ የላኩልኝ ልጅ ነበር። ያንቺን በላክሁ በወሩ የሱንም አክታ ልኬ ነበር። ያው ጀርም ነው፣ ቁርጥ ያንቺው።"

የዘረጋሁትን እጄን ሰበሰብኩ።

"ኤክስሬዩ ንጹህ ነው። ገና መያዙ ነው ማለት ነው። መጻሕፍቱ አይጋባም ይላሉ፣ ታዲያ ይሄ ጤነኛ ልጅ ከማን አገኘው? ታውቂዋለሽ?"

"ጎረቤቴ ነው።"

"አየሽ!" አለ። ደስ ያለው መሰለኝ… አዲስ ነገር አገኘ። ጀርመን ላለው አስተማሪው ይጽፍለታል። ለኔ ግን አይጽፍም። "ሕፃናት መሃል ትግባ ብዬ መፈረም አልችልም መብሩካ። ይቅርታ።"

"አክታው የኔ ነው" ማለት ብቻ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

ሚያዝያ 6

"አሁኑኑ ሂጂና ተናገሪ!" አለች እማ።

"ከበበን ይወስዱታላ። እትዬን ያስሯቸዋል። እኔንም።"

"እኔስ ልጅ አልወለድኩም?"

 ዶክተሩ ፊት አዝኜ ነው ዝም ያልኩት ወይስ ፈርቼ? አላውቅም።

ሚያዝያ 9

ለእትዬ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ምን ጠብቄ ነው? እግሬ ላይ ወደቁ። "አደራሽን… አንቺ እንደሆነ ያው ታመሻል። የሱ ገና ነው።"

ያው ታመሻል! ከበበ በር ላይ ቆሞ ጫማውን ያያል።  እኔም እኮ ገና ሃያ አራት ዓመቴ ነው። የኔ መቼ አለቀ?

ሚያዝያ 27

የጤና ጣቢያ ሰዎች ቅጽ ይዘው መጡ። "በሽታውን ያስተላለፈች" በሚለው መስመር ላይ ስሜን ጻፉ። ፈረምኩ። መዋዕለ ሕፃናቱ ሌላ አስተማሪ ቀጥሯል።

ግንቦት 14

ቦኖ ላይ ለእማ ወረፋ ይዤ ነበር። እትዬ እታገኝ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ጮክ ብለው፣ "ልጄን ያስያዘችው ይቺ ናት! እግዜርን አትፈራ!" ሴቶቹ ጀሪካናቸውን እየጎተቱ ራቁኝ። ይገባኛል፣ የልጃቸው መታመም እንዲታመንላቸው ነው። ቢገባኝስ? ተቃጠልኩ። ቤት ገብቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ ልቅሶው ደግሞ ሳል ሆነ። ማልቀስ እንኳ አይሆንልኝም።

ግንቦት 29

ጠዋት፣ እማ ገና ጀርባዬን እየመታች፣ የጓሮው በር ተንኳኳ። እታገኝ ናት። ብልቃጥ ይዛለች።

እማ በሩን ልትዘጋባት ነበር። ተይ አልኳት።

"አንቺ" አልኳት እታገኝን። እስከ ዛሬ እርስዎ ነበር የምላት። "እኔ የሞትኩ ዕለት ከማን ታመጫለሽ?"

አቀረቀረች። 

ሳልኩበት። ክዳኑንም ራሴ ገጠምኩ። ለሷ አዝኜ አይደለም። ከበበንም እጠላዋለሁ፣ ይጻፍ። በመኪና ተጭኖ ሲሄድ ቆሜ ማየት ግን አልችልም፣ ይሄም ይጻፍ።

ልትወጣ ስትል ዞር አለች። "ዕድሜሽን ያርዝመው ልጄ" አለች።

ከልቧ ነው። አየኋት። ከእማ ሌላ እንድኖር የሚጸልይልኝ ሰው አገኘሁ… ጦርነቱ እስኪያልቅ ድረስ።