ለየሺ የላክሁት በረዶ

ጥቅምት 12

ከምሳ በኋላ በረዶ ጥሎ የመካነ ሰላም መንገድ ነጭ ሆነ። ሳውዲ ያለችው እህቴ የሺ ዘወትር «ሙቀቱ ገደለኝ» ስለምትል፣ ትንሽ ትሳቅ ብዬ ስልኬን ድንጋይ ላይ አቁሜ በረዶው ላይ ብስክሌት ስነዳ ቀረጽኩላት። አንሸራትቶኝ ስወድቅ እኔም ብቻዬን ሳቅሁ። ላክሁላት።

ገና ከዚያው ሳልሄድ ደወለች። አልሳቀችም።

«ከኋላህ የተጋደመው የአባዬ ስንዴ ነው አይደል?»

ብስክሌቱን እንጂ ማሳውን ልብ አላልኩም ነበር። ዞሬ አየሁት። የቆመ የለም።

ለጥምቀት ጠቅልላ ልትመጣ ነበር። «እንግዲህ ኮንትራቴን አድሳለሁ» ብላ ዘጋችው።

አባዬ ከገበያ ሲመለሱ በማሳው በኩል መጡ። ቤት ገብተው ተቀመጡ። ከዚያ፣ «ለእህትህ እንዳትነግራት፤ ከሰማች ትቀርብኛለች» አሉኝ።

እሺ አልኳቸው።