ባለቤቴ በግራ እጇ ስለ ፈረመችው ቅጽ

ለተከበሩ የጤና መድን ድርጅት የክፍያ ጥያቄዎች መምሪያ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደ ሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። የምጠይቀው ለወጉ ያህል አይደለም፤ በእርስዎ ድርጅት መድን የተገባለት ሰው ሁሉ ፈጽሞ እንዳይታመም ከልባቸው ከሚመኙት አንዱ ስለ ሆንኩ ነው። ዓይንዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ሁለቱም እጆችዎ ደህና ይሁኑልኝ።

እኔ የገበያ ሚዛን መርማሪ ነኝ። ፊዚክስ ተምሬ ከወጣሁ ጀምሮ ሠላሳ ዓመት የሥጋ ቤቱን፣ የእህል ነጋዴውንና የወርቅ ሠሪውን ሚዛን እየፈተሽኩ፣ ትክክል ሆኖ ያገኘሁትን «ትክክል ነው» ብዬ እፈርምበታለሁ። ባለቤቴ መጽሐፍ ጠራዥ ናት። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የመድን ክፍያችንን አንድም ወር ሳናሳልፍ ከፍለናል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ከእርስዎ የደረሰን ነገር ቢኖር በየዓመቱ የሚላክልን የግድግዳ የቀን መቁጠሪያ ሲሆን፣ የወረቀቱን ጥራት ባለቤቴ እንደ ባለሙያ ታደንቀዋለች።

ከሁለት ወር ተኩል በፊት ባለቤቴ በምትሠራበት ማተሚያ ቤት እርጥብ ደረጃ ላይ ተንሸራትታ ወድቃ የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ፣ ጅማቶቿም ተጎዱ። ከዚያ ወዲህ ስለተደረገልን መስተንግዶ ያለኝን አድናቆት በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

1ኛ. የወሰድኳት ሆስፒታል እርስዎ ባሳተሙት፣ ውል ያላቸው ሆስፒታሎችና ሐኪሞች ዝርዝር ውስጥ አለ። ቀዶ ሐኪሙም አለ። በዘጠነኛው ቀን የደረሰን የክፍያ መጠየቂያ እንዳስረዳን ግን፣ ሰመመን የሰጣት ሐኪም ከድርጅትዎ ጋር ውል ስለሌለው የእሱ ክፍያ፣ ማለትም የሦስት ወር ደመወዜ፣ የእኛ ዕዳ ነው። ጥፋታችን ወዲያው ገብቶኛል። ባለቤቴ በተሽከርካሪ አልጋ እየተገፋች ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ስትገባ፣ ጭምብሉን ይዞ ያጎነበሰባትን ሰው «ወንድሜ፣ ለመሆኑ ውል አለህ?» ብላ መጠየቅ ነበረባት። እያቃሰተች ስለ ነበር ሳትጠይቀው ቀረች፤ ስለዚህ ቸልተኝነቷ ይቅርታ እንጠይቃለን።

2ኛ. ቀዶ ሐኪሙ ጅማቶቹ በስድስት ሳምንት ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ካልተሠሩ ጣቶቿ እንደሚደርቁ አስጠነቀቀን። ለዚህም የእርስዎ ቅድመ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ ለፈቃዱ ቅጽ፣ ለቅጹም የታካሚዋ የራሷ ፊርማ። ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ በጄሶ ታሽጎ ስለ ነበር በግራዋ ፈረመች። አንደኛ ክፍል እንደ ገባች ልጅ ምላሷን ነክሳ፣ ወረቀቱን እኔ ይዤላት፣ ላቧ ጠብ እስኪል ደክማ ፈረመች። ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ የመጣው መልስ «ፊርማው በማኅደር ካለው ናሙና ጋር ስለማይመሳሰል ጥያቄው ውድቅ ሆኗል» የሚል ነበር። ፊርማውን የመረመሩትን ባልደረባዎን ስለ ጥንቃቄያቸው ያመስግኑልኝ፤ እያንዳንዱን ጭረት ሲመረምሩ ከፊርማው በላይ ባለው መስመር ላይ «የቀኝ እጅ ስብራት» የሚለው ጽሑፍ እንዳያዘናጋቸው ያደረጉት ትግል የሚያስደንቅ ነው።

3ኛ. በአካል ቀርበን እናስረዳ ብለን መጣን። ሁለት ሰዓት ተኩል ከተሰለፍን በኋላ የክፍሉ አስተባባሪ ባለቤቴን ከነጄሶዋ ከላይ እስከ ታች አይተው፣ ናሙናውን በፈረመችበት እጅ እንድትፈርም አዘዙ። መቼ ልትችል እንደምትችል ብጠይቃቸው «ሲታከሙ» አሉኝ። መቼ እንደምትታከም ብጠይቃቸው «ሲፈርሙ» አሉኝ። ይህንን ሳይስቁ ነው የተናገሩት። የጣት አሻራ ቢሆንስ ብል፣ ቅጹ ለአሻራ የተተወ ቦታ የለውም ተባልኩ። እኔ በውክልና ልፈርምላት ብል፣ ውክልናው የእርሷ ፊርማ ይኑርበት ተባልኩ። ባለቤቴ ያን ጊዜ «ተወው በቃ፣ እንሂድ፤ ሰውየው ትንሽ ከቆየን እጄ መሰበሩንም በጽሑፍ አምጡ ይለናል» አለች። ለካ ያንንም አስቀድመን አስገብተን ነበር።

4ኛ. ደረጃው ላይ ስንደርስ አንዲት ሠራተኛዎ ተከትላን መጥታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ እርስዎ ለምን አስመስለው አይፈርሙላቸውም? ሁሉም እኮ እንደዚያ ነው የሚያደርገው» አለችኝ። ተቆጣኋት፤ ሠላሳ ዓመት ስፈርም በፊርማዬ አልቀለድኩም አልኳት። «እሺ ጋሼ፣ እኔ ለእሳቸው አስቤ ነው» ብላ ተመለሰች። ማን እንደ ሆነች ለማጣራት አይድከሙ፤ የባለቤቴን እጅ አይታ ያዘነችላት ብቸኛዋ ሠራተኛዎ ስለ ሆነች እንዳያባርሯት ስል መልኳንም ስሟንም ረስቻለሁ።

አራት ደብዳቤ ጻፍኩልዎ፤ አንዱም መልስ አላገኘም። ስድስተኛው ሳምንት ሲያልቅ ከመታወቂያዋ ላይ ያለውን ፊርማ ፊት ለፊቴ አስቀምጬ፣ በምግብ ጠረጴዛችን ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ተለማመድኩ። ባለቤቴ ትከሻዬ ላይ ሆና እያየች «እኔ ራሴ እንዲህ አሳምሬ ፈርሜ አላውቅም» አለች፤ ሳቅን፣ ከዚያም የፈረምኩበትን ቅጽ አስገባሁ። ቅጹ በሁለተኛው ቀን «ፊርማው ተመርምሮ ትክክለኛነቱ ተረጋግጧል» የሚል ማኅተም ተመትቶበት ተመለሰ።

እንግዲህ በማኅደርዎ ውስጥ ባለቤቴ በገዛ እጇ የፈረመችው ሐሰተኛ፣ እኔ የፈጠርኩት እውነተኛ ሆኖ ተቀምጧል። በሙያዬ እንዲህ የሚሠራ ሚዛን ሳገኝ አሽጌው ከገበያ አስወጣዋለሁ፤ የሚዛኑ ባለቤትም ቢያንስ አንገቱን ይደፋል። የሚከነክነኝ ፊርማ ማስመሰሌ ብቻ አይደለም። በመሥሪያ ቤትዎ ውስጥ ከጥበቃው እስከ አስተባባሪው ሁሉም ሰው ይህን እያወቀ፣ መመሪያውን በየቀኑ ሸሚዙን ተኩሶ መጥቶ ማስፈጸሙም ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ የእኔን ፊርማ ሰርዘው የእርሷን በቦታው ይመልሱልኝ። ሊከሱኝ ቢወዱም ቃሌ ከላይ በሙሉ ሰፍሯል፤ ምርመራ አያስፈልገውም።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ መመሪያዎ እና ስለ ሰጡኝ አዲስ ሙያ እጅ ነሥቼ የማመሰግንዎ፣ በሕይወቱ አንድ ሐሰተኛ ፊርማ ብቻ የፈረመና እሱንም በድርጅትዎ ያስመረመረ ታማኝ ደንበኛዎ፣

የሚዛን መርማሪው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ከተቆረጠው ጊዜ አሥራ ሰባት ቀን ዘግይቶ ተደርጓል። ትናንት ከድርጅትዎ ስለ ማገገሟ የደስታ መግለጫና በአገልግሎትዎ ምን ያህል እንደ ረካች በእጅ ጽሑፍ የምትሞላው መጠይቅ ደርሷታል። ሐኪሙ አውራ ጣቷና አመልካች ጣቷ ከእንግዲህ አይገጥሙም ብሏታል፤ መርፌም እስክሪብቶም የሚያዘው በእነዚያ ነው። በግራዋ እንዳትሞላው ደግሞ መመሪያዎን እናውቃለን። ስለዚህ መልሱን እኔ ጽፌዋለሁ፤ የዚህኛው ፊርማ ግን የራሴ ነው።