አባባ ሰማሁ ያለው ካሴት

ሰኞ

የቴፑ ጀርባ አሥር ቀዳዳ አለው። አምስት ከላይ፣ አምስት ከታች፤ ሁሉም አቧራ ጠግቧል። ጽሑፉ ከጠፋ ቆይቷል። እጄ ላይ ያለው ገመድ ግን ሁለት ራስ ብቻ ነው ያለው፣ ቀይና ነጭ። አንድ ሰዓት ሙሉ ተንበርክኬ ቀዳዳዎቹን ሳይ ቆየሁ። ወገቤ ተቆረጠ።

ከዱባይ የተላከልኝ ዕቃ፦ ጆሮን ድፍን አድርጎ የሚይዝ ማዳመጫ፣ ይኸው ገመድ፣ አንድ ትንሽ ጥቁር ሳጥን። ሳጥኑ የማዳመጫ አምፕሊፋየር ነው። ከቴፑ ድምፅ ተቀብሎ፣ አጠንክሮ ወደ ማዳመጫው ይልካል። አባባ ጆሮው ከከበደ ቆይቷል፤ ጆሮ ውስጥ የሚገባውን የመስሚያ መሣሪያ ሦስት ቀን አድርጎ መሳቢያ ውስጥ ወረወረው። ያሳክከኛል አለ። ሐኪሙ ደግሞ «ነርቩ ደክሟል፤ ድምፅ ተጠግቶና ጠንክሮ ከመጣ ግን ጥቂት ሊይዝ ይችላል» ብሎኛል። ጥቂት ይበቃኛል።

ማሰማት የምፈልገው አንድ ካሴት ነው። አጎቴ ኑሩ በመውሊድ እዚሁ ቤታችን መንዙማ ሲያወጣ የተቀዳ። ድቤ የሚመታው አባባ ራሱ ነው። አጎቴ የአባባ ታናሽ ነበር፣ አባባ ነው ያሳደገው። ሳንጃ ከተማ ሰሊጥ ይነግድ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ሞተብን። ከዚያ ወዲህ አባባ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ «አልሐምዱሊላህ» ይልና ይነሣል፤ ሰው ሲመጣም ወደ ጓዳ ይገባል።

ታሞ ሳለ ደውሎ ነበር። ስልኩን ትንሽ ይሻለዋል በምንለው በአባባ ቀኝ ጆሮ ላይ አድርጌ ወጥ ላማስል ሄድኩ። አባባን ምን አለህ ስለው «ተሽሎኛል፣ አትምጡ ነው የሚለው» አለኝ። አልሄድንም። ያን ሳምንት መንገዱ ክፍት ነበር። በሳምንቱ ተዘጋ፤ መርዶውን በስልክ ሰማን፣ ለቀብሩም አልደረስን። ለምን አትምጡ እንዳለን እስካሁን ይከነክነኛል። ደግ ነበር፣ ሰው ማስቸገር አይወድም። እንደዚያ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

ማክሰኞ

ተሳካ!

ቀዩን ከቀይ፣ ነጩን ከነጭ ሰካሁ። ሳጥኑ መብራቱን አበራ። የቴፑም አረንጓዴ መብራቶች ከፍ ዝቅ እያሉ ጨፈሩ። ስፒከሮቹን ነቅዬ ቆጥ ላይ ካወጣኋቸው ዓመት አልፏል (አባባ እስከ መጨረሻው ከፍቶ ሠፈሩን እያናወጠ «ምነው ቀነሳችሁት?» ይለን ነበር)፣ ስለዚህ ቤቱ ጸጥ ያለ ነው። ማዳመጫውን መጀመሪያ እኔ ልሞክረው ስል አባባ ከእጄ ወስዶ አጠለቀው። ዐይኑን ጨፈነ። ራሱን ወዘወዘ።

«ሸጋ ነው» አለ። «ኑሩ ነው። እሱ ራሱ!»

ወጥቼ ግቢ ውስጥ አለቀስኩ። በደስታ። እሰይ ዘይነባ፣ በአርባ ሁለት ዓመትሽ መሐንዲስ ሆንሽ።

ረቡዕ

ትምህርት ቤት ያልነገርኩት ሰው የለም። ጸሐፊዋ ዛሬ ደብዳቤ አትጽፍም፣ ጉራ ብቻ ነው የምትጽፈው ተባልኩ። ይባል።

ከሥራ ስመለስ ማዳመጫውን እንዳጠለቀ አገኘሁት። ራት ላይ እንጀራውን ጨረሰ፣ ደግሞም ጨመርኩለት። አንድ ነገር ብቻ። ካሴቱ አልቆ ቆሞ ሳለ ራሱን ይወዘውዝ ነበር። ሐሳብ ይዞት ሄዶ ነው አልኩ። እኔስ ስንት ጊዜ ድስት ላይ እንዲህ እሆን የለ።

ሐሙስ

ይህን መጻፍ አልፈልግም።

የዐስር ሰላት ሲደርስ መብራቱን አብርቼ አጠፋሁለት፤ አዛን ስለማይሰማ ምልክታችን ይኸው ነው። ውዱእ ሊያደርግ ወጣ። ካሴቱ እየዞረ ነበር። አጎቴን ልስማው ብዬ ማዳመጫውን ብድግ አድርጌ አጠለቅሁት።

ምንም የለም። ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዞርኩት። ምንም። ነቅዬ ሰካሁ። ምንም። የቴፑ መብራት ከፍ ዝቅ ይላል፣ ካሴቱ ይዞራል፣ ጆሮዬ ውስጥ ግን የራሴ ትንፋሽ ብቻ ነው።

ሦስት ቀን ሙሉ ምንም ያልነበረበትን ነገር ሲሰማ ሰነበተ።

ሳይመለስ እንደነበረ አስቀመጥኩት። የቴፑን ጀርባ በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ሬዲዮ ጠጋኙ ጋሽ ሞላ ዘንድ ሮጥኩ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ፎቶውን አዩና ሣቁ። «ምነው ልጄ! ይኸ እኮ መግቢያው ነው፣ ከሌላ ዕቃ ድምፅ የሚቀበልበት። የሚያወጣው ከጎኑ ያለው ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ስትለቅሚ ከርመሻል» አሉኝ። ደግሞም ስሰካ ሳጥኑን አስቀድሜ ዝቅ እንዳደርገው አስጠነቀቁኝ፤ አለዚያ ጆሮ ይጎዳል። ፊቴን ሲያዩ ሣቃቸውን ተዉት። «ማን ነው የሚሰማበት?» አሉ። አባቴ አልኩ። ሌላ አልጠየቁኝም።

ገመዱን አልነካሁትም። መጀመሪያ ልጠይቀው።

ዓርብ

ከጁምዓ ሲመለስ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ከንፈር ስለሚያነብ ቀስ ብዬ ነው የማወራው። «አባባ፣ ገመዱን ተሳስቼ ነው የሰካሁት። ምንም ድምፅ አልነበረውም» አልኩት።

ኮፍያውን አወለቀና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። 

«ዐይንሽ እንደዚያ በርቶ እያየሽኝ አልሰማሁም ልበልሽ?» አለኝ።

ተናደድኩ። እውነቱን ልጻፍ፣ በጣም ተናደድኩ። እኔን ልታስደስት ብለህ ነው እንዴ ብዬ ጮህኩ፤ ጩኸቴን እንደሆነ አይሰማውም። ከዚያ ሳልጠይቀው ሌላውን አወጣው። «የኑሩም ስልክ እንደዚሁ ነው» አለ። «ጉምጉምታ ነው እንጂ ቃል አልሰማሁም። ድምፁ ሲቆም እሺ አልኩት። ሲቆም እሺ። ተሽሎኛል አለ ያልኩሽ ከራሴ ነው፤ እንዲሻለው ስለፈለግሁ። ምን እንዳለኝ አላህ ነው የሚያውቅ።»

ማታ ለአጎቴ ሚስት ደወልኩ። ያን ቀን ወፍጮ ቤት ነበረች፤ ብቻውን ሆኖ ነው የደወለው። የሰማ ሰው የለም።

ና ብሎት ይሆናል። መንገዱ ሳይዘጋ ድረስልኝ ብሎት ይሆናል፣ አባባም እሺ ብሎታል። አጎቴ እሺን ሰምቶ በር በሩን እያየ ከርሞ ይሆናል። አባባ ይህን ለብቻው ተሸክሞ ነው ለካ ምግብ ያቃተው። እኔም ድስቴ እንዳያርብኝ ብዬ ስልኩን ይዤለት አልቆየሁም። ድስቱ ቢያር ምን ነበረበት?

ቅዳሜ

ሳጥኑን ዝቅ አደረግሁ። ገመዱን ጋሽ ሞላ ካሉት ቀዳዳ ሰካሁ። ዛሬ አስቀድሜ ራሴ ሰማሁት። አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሴቶቹ ከኋላ እልል አሉ፣ ከዚያ መንዙማው ውስጥ ገባ።  ቶሎ አወለቅሁት።

አባባ አልፈለገም ነበር። «ይቅር ዘይኔ» አለኝ ሁለት ጊዜ። ለመንኩት።

አጥልቄለት ቁልፉን በጥቂት በጥቂቱ ጨመርኩ። ፊቱን አያለሁ። ምንም። ጨመርኩ። ምንም። ግማሹን ሳልፍ መዳፉ ጉልበቱን መታ። ቆየና ደግሞ መታ። እንዳልታለል ብዬ ጆሮዬን ወደ ማዳመጫው አስጠጋሁ። የመዳፉ ምት ከካሴቱ ጋር ይሄዳል።

«ሰማኸው?» አልኩት በከንፈሬ።

«እሱን አልሰማሁትም» አለ። «ድቤው ነው የሚመጣ። የኔው ምት ነው።»

ከስንት ድካም በኋላ የራሱን እጅ ብቻ አሰማሁት።  ላወልቅለት እጄን ስዘረጋ ግን ያዘኝ።

«ተይው። እሱ የሚገባበትን እኔ አውቀዋለሁ።»

ካሴቱ እስኪያልቅ አብሬው ተቀመጥኩ። ይመታል፣ ይመታል፣ ከዚያ መዳፉን አንሥቶ ይጠብቃል፤ አጎቴ የሚያወጣበት ቦታ ነው። ዕንባው ጢሙ ላይ ይወርዳል፣ አይጠርገውም። ካሴቱ ቀጭ ብሎ ሲቆም መዳፉም ቆመ። ማዳመጫውን አላወለቀም። «ገልብጪው» አለኝ።

ገለበጥኩለት።