በሥዕሉ ላይ የተመታው ምስማር

እሑድ፣ ግንቦት 4

እናቴን፣ ማማን፣ ይዤ ቪላው፣ የድሮው ባለርስት ቤት፣ ሄድኩ። ከእድሳቱ በኋላ ለመንደሩ ሰው ሲከፈት የመጀመሪያው ነው። ጎረቤቴ ሉዊጂናም አብራን መጣች፤ መቼ ትቀርና! ፀሐይ፣ የአበባ ሽታ፣ ማማ በከዘራዋ ሽክ ብላ... ትልቁ አዳራሽ ስንገባ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ግድግዳው ሁሉ ሥዕል፤ አማልክቱ፣ ፈረሶቹ፣ ወይን የሚለቅሙት ሴቶች። ቀለሙ ዛሬ የተቀባ ይመስላል።

ደስታዬ ምን ያህል ቆየ? አስጎብኚዋ፣ ኢላሪያ የምትባል ልጅ፣ ግድግዳው ላይ የቀሩትን ቀዳዳዎች አሳየችን። «እነዚህን ምስማሮች የመቱት የሚያዩትን የማያውቁ ገበሬዎች ናቸው» አለች። በፈገግታ!

የሚያዩትን የማያውቁ... ማማ እኮ አጠገቤ ቆማለች! በልጅነቷ እዚያው አዳራሽ ውስጥ የሐር ትል ስታረባ የኖረች። እስከ ቤት ድረስ አንድ ቃል አልወጣትም።

ሰኞ፣ ግንቦት 5

ንዴቱ አድሮም አልበረደም። ዳቦ ቤት ለተሰለፈው ሁሉ ነገርኩ። አዳራሹን የትል ቤት ያደረገው ማን ነው? ባለርስቱ፣ ኮንቴው ራሱ! ትል ሙቀት ይወዳል፤ ትልቁ ምድጃ ያለው ደግሞ እዚያ ነው። ትሉ የሚበላው የእንጆሪ ቅጠል የሱ፣ ግድግዳው የሱ፣ «የትሉን መደርደሪያ በምስማር ስቀሉ» ያለው እሱ። ሴቶቹ የትሉን እንቁላል በጡታቸው መሀል ሸጉጠው እንደ ሕፃን ሲያሞቁ ከርመው... ዛሬ አላዋቂ?

ሉዊጂና ትስቃለች። «ኦርኔላ፣ አንቺ ተቆጥተሽ እስክትጨርሺ ዳቦው ይሻግታል።»

ትሳቅ! የሷ እናት ከተሜ ናት፣ ምን ይቆረቁራታል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 7

ቪላው ቢሮ ገባሁ። ኃላፊው፣ ዶቶር ቤልትራሜ፣ ወንበር ሰጠኝ፣ ውሃ ሰጠኝ። ጨዋ ነው፤ ጨዋነቱ ራሱ አናደደኝ።

«ሲኞራ፣ ማንንም ለመስደብ አይደለም...»

«ታዲያ ማንን ለማመስገን ነው?»

ከዚያማ ምላሴ ሮጠ። ሴቶቹ ምስማሩን በሥዕሉ ውስጥ ደመና ደመናውን እየመረጡ ነው የመቱት፣ አንድም ፊት አልነኩም፣ እናቴ ናት የነገረችኝ አልኩት። አልነገረችኝም። ግን ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ማማ ናት እኮ፣ ዝንብ የማትገድል! ዶቶሩ እንባ ሁሉ አቀረረ። ለጎብኚ አዲስ የጽሑፍ ሰሌዳ እናቆማለን አለ። እየዘለልኩ ወጣሁ።

ዓርብ፣ ግንቦት 9

ማማ አሁንም ዝም። አፍራ ይሆን? በዚህ ዕድሜዋ በሰው ፊት... ስለ ጽሑፉ ልንገራት? አይ፣ ድንገት ትየው።

እሑድ፣ ግንቦት 18

ጉድ!

ጽሑፉ በአዳራሹ በር አጠገብ ቆሟል፦ «የመንደሩ ሴቶች ከፍቅር የተነሣ ምስማሮቹን በደመናው ላይ ብቻ መቱ።» ማማ መነጽሯን አድርጋ አነበበች። ደገመች።

«ይሄን ማን አላቸው?»

«እኔ ነኛ ማማ!» ትስመኛለች ብዬ ስጠብቅ...

«ነይ ወዲህ።»

እየጎተተች መስኮቱ ጥግ ወሰደችኝ። ቀይ ካባ የለበሰ ጌታ ተሥሏል። የኮንቴው ቅድመ አያት ነው፤ አፍንጫቸው አንድ። አፉ መሀል ቀዳዳ።

«ይሄ ደመና ነው?»

ጣቷን ቀዳዳው ላይ አድርጋ ቀጠለች።

«ኮንቴው አባቴን፣ ሳንቴን፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት “አንተ በሬ” አለው። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣ። እኔ መሰላሉ ላይ መዶሻ ይዤ ነበርኩ። እንደወጡ ይሄ አፍ ላይ ምስማር መታሁ። መደርደሪያ አልሰቀልኩበትም። ምንም አልሰቀልኩበትም።»

ለካ ኢላሪያ ጎብኚዎቿን ይዛ ከኋላችን ቆማ ትሰማለች። ማማ ዞረችባት።

«አንቺ ልጅ፣ አላዋቂ አደረግሽኝ። ይቺ የኔዋ ደግሞ መልአክ አደረገችኝ። የቱ እንደባሰኝ እንጃ! የት እንደምመታ ከሁላችሁም በላይ አውቅ ነበር።»

ለካስ ዝምታዋ እፍረት አልነበረም። ቁጣ ነው! እኔ ሞኟ ሳስታምማት ከረምኩ...

ሰኞ፣ ግንቦት 19

ዶቶሩ ደወለ፤ ኢላሪያ የሰማችውን ሁሉ ነግራዋለች። ታሪኩ ግሩም ነው፣ ጽሑፉን እንቀይራለን፣ ግን «ሆን ብላ» የሚለው ቢቀር አይሻልም ወይ አለኝ። «አላዋቂ ስትባል አልከበደዎትም፣ ይሄ ከበደዎት?» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ስሟን አጎደፉ ብዬ ስጣላ ከረምኩ። አሁን ደግሞ አጥፍታለች ብለው ካልጻፉ ልጣላ ነው! ነገ ጠዋት ቢሮው ነኝ። የሚጻፈውን ማማ ከነስሟ ቃል በቃል አስጠንታኛለች፦ ኖሪና፣ የሳንቴ ልጅ፣ ሆን ብላ መታችው።

«የሳንቴ ልጅ» የምትለዋን ካስቀሩ ስመለስ ምስማር ገዝቼ እንዳመጣላት አዛኛለች።